ከሰል፣ መቀስና የጠረጴዛ ላስቲክ

ዲዛይን ሊማር የሚመጣ ልጅ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ፤ «ኮምፒውተሩን መቼ ነው የምንጀምረው?» ይለኛል። ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ብዙዎቹ በስልካቸው ፖስተር ሲሠሩ ኖረው የመጡ ናቸው፤ የሠርግ ካርድ ነድፎ የሸጠም አይጠፋባቸውም። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት ለከሰል፣ ለጋዜጣ፣ ለመቀስና ለሙጫ እሰጣለሁ፤ በዚህም ከተማሪ፣ ከወላጅና ከባልደረባ ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ። ዓይንና እጅ ሳይተዋወቁ የተከፈተ ኮምፒውተር ቅርጹን መርጦ፣ ቀለሙን አዛምዶ፣ ፊደሉን ደርድሮ ያቀርባል፤ ልጁ የቀረበለትን ከመቀበል በቀር የሚወስነው ነገር አይኖረውም። መቀስ የያዘ ልጅ ግን ሳይወስን አንድ ስንዝር አይሄድም። ይህ እምነቴ ያመጣብኝ ጣጣ ብዙ ነው፤ ከብዙው ጥቂቱን ላውጋችሁ።

ከከሰሉ ልጀምር። ለንድፍ የሚሆን ከሰል ለስላሳ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይፈረፈራል፣ በጣት ሲነካ ይደበዝዛል፣ በጨርቅ መታ መታ ሲደረግ ይለቃል። ለጀማሪ የምመርጠውም ለዚህ ነው። ሹል እርሳስ የያዘ ልጅ ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ ሲለቅም ይውላል፤ ፊቱ ግን ፊት አይሆንም። ከሰል የያዘው መጀመሪያ ሰፊውን ጥላ ከሰፊው ብርሃን መለየት ግድ ይለዋል፤ ለሽፋሽፍት የሚሆን ጫፍ የለውማ። አንድ ሰሞን የንድፍ ከሰል ከሱቅ ጠፋ፤ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። ተማሪዎቹ ከየቤታቸው የማብሰያ ከሰል ይዘው መጡ። ይህኛው ከወፍራም ግንድ የከሰለ ነውና ደረቅ ነው፤ ወረቀቱን ቧጠጠው፣ ቀደደውም።

እኛው እንሥራው ተባለ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ደረቅ ቀጫጭን እንጨት ልጡ ይላጥና በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይደረደራል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ክዳኑ ላይ በምስማር አንዲት ቀዳዳ ትበሳለች፣ ከዚያ ጣሳው እሳት ውስጥ ይገባል። እንጨቱ አየር ስለማያገኝ አይነድም፤ እርጥበቱና ጋዙ በቀዳዳዋ ይወጣል፣ ካርቦኑ ይቀራል። ጭሱ ሲቆም ከሰሉ ደርሷል ማለት ነው። ጣሳው ግን በደንብ ሳይበርድ አይከፈትም፤ ትኩስ ከሰል አየር ካገኘ ይቀጣጠላል።

ጣሳዎቹን ጓሮ ደርድረን እሳት ለኮስን። ጭሱ ግቢውን ሞልቶ ወደ ጎረቤት ሲሻገር አንዲት ሴትዮ ከፎቅ ላይ «እሳት! እሳት!» ብለው ጮኹ። ጥበቃው ውሃ የሞላ ባልዲ ይዘው ከኋላችን ደረሱና ምንም ሳይጠይቁ ቸለሱበት። ክዳኖቹ ተስፈነጠሩ፣ እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው፣ ልጆቹ እየጮኹ ተበታተኑ። አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ከሰል እየሠራን እኮ ነው!» ብትላቸው፣ «ከሰል ከሆነ በር ላይ ይሸጥ የለም እንዴ ልጄ?» አሏት። የተረፈውን ፀሐይ ላይ አድርቀን ሞከርነው፤ ለስላሳ፣ ጥቁር፣ እንደ ልብ የሚታዘዝ ነበር። አውሮፓውያን ከአኻያና ከወይን ሐረግ እንደሚሠሩት ለጥበቃው ስነግራቸው፣ እሳቸው ከወንዝ ዳር የአኻያ ቅርንጫፍ ቆርጠው አመጡልን። ከዚያ ወዲህ እሳቱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ ባልዲውም አጠገባቸው አለ።

ቀጥሎ ያለው ልምምድ ወረቀቱን ሳያዩ መሳል ነው። ኪሞን ኒኮላይዲስ የተባለው የኒውዮርክ መምህር፣ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1941 በታተመው የንድፍ መማሪያው ውስጥ የመጀመሪያው ትምህርት ያደረገው ይህንኑ ነው። ዓይን የነገሩን ጠርዝ በዝግታ ይከተላል፤ እርሳሱም ወረቀቱን ሳይሆን ያንን ጠርዝ የሚዳስስ ያህል እየተሰማ በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። የሚወጣው ሥዕል ጠማማ ነው፤ አፍንጫው ጆሮ ሥር ሊገኝ ይችላል። ግን እያንዳንዷ ቁራጭ መስመር የታየች መስመር ናት። ጀማሪ ዓይን ሳል ሲባል የሚስለው ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ዓይን ሳይሆን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን የዓይን ምልክት ነው። (ይህን ስል የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንን ትልልቅ ዓይኖች መንካቴ አይደለም። እዚያ ዓይን የሰፋው ሠዓሊው አስቦበት፣ ሥርዓቱም ጠይቆት ነው። የጀማሪው ዓይን ግን ማንም ሳያስብበት የመጣ ነው።)

ልጆቹን ይዤ ወደ አራት ኪሎ ወጣሁ። አንዱ፣ በቆሎ የሚጠብሱ እናት ፊት ለፊት ተቀመጠና ዓይኑን ሳይነቅል እጃቸው ላይ አፈጠጠ፤ የእሱ እጅ ወረቀቱ ላይ ትንቀሳቀሳለች። ሴትዮዋ ትንሽ ታገሡና «ልጄ፣ ደንብ ማስከበር ነህ እንዴ?» አሉት። ከጎናቸው ካልሲ የዘረጋው ይህን ሰምቶ ሸራውን ጠቀለለ፤ ሎሚ ሻጯ ዘንቢሏን አነሳች፤ ማስቲካና ሶፍት የያዙት ልጆች እግሬ አውጪኝ አሉ። በቅጽበት የመንገዱ ጠርዝ ባዶ ሆነ። እያፈጠጠ የሚጽፍ ሰው መንገድ ላይ ለሚሸጥ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ሁላችንም አየን። ሮጠን፣ ለምነን፣ ወረቀቱን እያሳየን መለስናቸው፤ በቆሎውንም ሁሉንም ገዛን። ዛሬ የክፍላችን ደንብ ሰላምታ መጀመሪያ፣ ፈቃድ ቀጥሎ፣ እርሳስ መጨረሻ ነው። እማማ ሥዕሉን ተቀብለው አገላብጠው ካዩት በኋላ «ማራገቢያዬን አያያዝ ነው ይሄ» አሉ። በዚያ ሁሉ የተወሳሰበ መስመር ውስጥ አያያዛቸውን አገኙት፤ ልጁም ለቀናት በእግሩ የሚሄድ አይመስልም ነበር።

ባዶውን የመሳል ልምምድ ብዙ ጣጣ አላመጣብኝም፤ ባለሦስት እግር በርጩማ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ የሚሳለው በርጩማው ሳይሆን በእግሮቹ መካከል ያለው አየር ነው። የፊደሉ ልምምድ የዚህ ወንድም ነው፤ እሱን ግን ሳላወራ አላልፍም። ከጥቁር ወረቀት አንድ ፊደል ተቆርጦ ነጭ ላይ ይቀመጣል፤ ካርቶን ላይ በተከፈተች ትንሽ መስኮት እያዩት መስኮቷ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ፊደሉ ፊደልነቱ እስኪጠፋ፣ ጥቁሩና ነጩ እኩል እስኪከብዱ ድረስ። «መ» ሁለት የታሰሩ ነጮች ይዛለች፤ «ዐ» አንዱን ዙሪያውን ዘግታበታለች፤ «በ» ግን ወደ ታች ከፍታ ትለቀዋለች። ይህን በመቀስ ዞሮ የቆረጠ ልጅ፣ በኋላ የአማርኛ ጽሑፍ ሲደረድር መስመሮቹን አያጨናንቅም። የእኛ ፊደል ሰውነቱ ሙሉ ነው፤ እግርና ክንድም ይቀጥላል፤ መተንፈሻ ካላገኘ ገጹን ያጠቁረዋል። ብዙ የአዲስ አበባ ማስታወቂያ የሚታመመው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ጋዜጣው ልሂድ። ባውሃውስ የተባለው የዲዛይን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1919 ጀርመን አገር፣ ቫይማር ላይ ሲከፈት ዮሐንስ ኢተን የተባለው ሠዓሊ ለአዲስ ገቢዎች የመግቢያ ኮርስ አቋቋመ፤ እሱ ከለቀቀ በኋላ ኮርሱን ከያዙት አንዱ ዮሴፍ አልበርስ ነበር። አልበርስ ክፍል የገባው ጋዜጣ ታቅፎ ነው። ለየተማሪው አደለና፣ ወረቀቱን አክብራችሁ፣ ከተቻለ ያለ መቀስና ያለ ሙጫ አንድ ነገር ሥሩበት ብሎ ወጣ። ሲመለስ ጭምብልና መርከብ የሠሩ ነበሩ፤ እሱ ያደነቀው ግን ጋዜጣውን ለሁለት አጥፎ ያቆመውን ልጅ ነው። ለስላሳው ወረቀት በአንዲት እጥፋት ጠንክሮ ቆመ፤ ተኝቶ ሳለ አንድ ገጽ የነበረው ሁለቱም ፊቱ ታየ። ይህን ታሪክ ሳልናገር ልጆቹን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ሞከርኳቸው። አውሮፕላን በረረ፣ የቆሎ መጠቅለያ ተጠቀለለ። አንዲት ልጅ ግን እንደ አኮርዲዮን አጥፋ ደብተሯን ጫነችበት፤ ቻለው። መቻሉን ስታይ የጎረቤቷንም ደብተር ጨመረች። አሁን ስለ ማሸጊያ ዲዛይን ላስተምራት ያሰብኩት ግማሹ እጇ ገብቷል።

ከዚህ በኋላ ነው ኮላዥ፣ ቁርጥራጭ እየለጠፉ ሥዕል መሥራት፣ የሚመጣው፤ የላስቲኩ ነገርም።

ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 የወንበር ሽመና የታተመበትን ሙሻማ ሥዕሉ ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በገመድ እንደከበበው አወራኋቸው፤ ለወረቀት ብቻ እጅ እንዳይሰጡም መከርኳቸው። የእኛውን ሠዓሊ ኤልያስ ስሜንም አነሳሁ፤ ግራፊክስ የተማረ ነው፤ ዛሬ በትልልቅ ሙዚየሞች የሚታዩትን ሥራዎቹን የሠራቸው መርካቶ ከሚሰበሰብ የኤሌክትሪክ ሽቦና ከተጣለ የኮምፒውተር ዕቃ ነው። ቤታችሁ ያለውን አምጡ አልኩ። የሎተሪ ትኬት መጣ፣ የስኳር ከረጢት፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የአውቶቡስ ትኬት መጣ። አንዱ ልጅ ደግሞ ጽጌረዳ ያለበት፣ ገና አዲስ፣ ከጠረጴዛ ላስቲክ ጥግ የተቆረጠ ቁራጭ ይዞ መጣ።

በማግስቱ እናቱ መጡ። የተቀረውን ላስቲክ አጣጥፈው በክንዳቸው ይዘውታል።

«እርስዎ ነዎት መምህሩ?»

«አዎ እናቴ፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። ለፋሲካ የገዙት ነው። ስለ ፒካሶ የምችለውን ያህል አስረዳኋቸው፤ በጥሞና ሰሙኝና «እሱ የቆረጠው የራሱን ነው ወይስ የእናቱን?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አላገኘሁላቸውም። ወደ ልጃቸው ጠረጴዛ ሄዱ። በክፍላችን ሁሉም ቁራጭ ተዘዋውሮ ተሞክሮ ሳያልቅ ሙጫ አይነካም፤ ስለዚህ ሥራው ገና ልቅ ነበር። ጋዜጣው በግራ ተከምሯል፤ ጽጌረዳዋ ቀኝ ጥግ፣ ታች፣ ጠርዝ ላይ ናት።

«ልትወድቅ ነው» አሉና በጣታቸው ወደ መሃል ገፋ አደረጓት።

«እማዬ፣ ተዪያት! ሆን ብዬ ነው» ብሎ ጽጌረዳዋን ወደ ጥጓ መለሳት። «መሃል ከሆነች ዓይን እዚያው ይቀራል። ጥግ ስትሆን ጋዜጣውን ሁሉ አልፎ ነው የሚደርስባት።»

«ከደረሰስ በኋላ? ከወረቀቱ ይወጣል እኮ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሁሉም ጠረጴዛውን ከበበ። እኔ በየክፍለ ጊዜው ልጆቹ እንዲጠያየቁት የምመኘው ጥያቄ ይህ ነበር፤ እነሱ ግን እርስ በርስ «ቆንጆ ነው» ተባብለው ያልፋሉ። እዚህ ግን ላስቲኩ ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ልጁ ለምን እዚያ እንዳስቀመጣት ማስረዳት አለበት። አስቦ አስቦ የሎተሪ ትኬቷን ቀጭን ቆርጦ በጽጌረዳዋ ቀኝ አቆማት። እናቱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩና «እሺ፣ አሁን ታገደ» አሉ። ልጆቹ አዋጥተው ሌላ ላስቲክ ገዙላቸው።

ሙጫችን የዱቄት ነበር። የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ፈልቶ በሚጠብቅ ውሃ ላይ እየተማሰለ ይጨመራል፣ ወፍሮ ሲያብለጨልጭ ይወርዳል። ርካሽ ነው፣ አይሸትም፣ ቶሎ ስለማይደርቅ የተለጠፈውን ቁራጭ ለማንሸራተት ጊዜ ይሰጣል። የፋሲካ እረፍት ሲደርስ ሥራዎቹን አደራርበን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍን። ስንመለስ አይጥ ገብቶበታል። ዱቄቱን ሲፈልግ ወረቀቱን አብሮ ፈጭቶታል፤ ከሥር ያሉት እንኳ አልተረፉም፤ ሳጥኑ ሲከፈት ብጣሹ እግራችን ላይ ፈሰሰ። ያቺ ጋዜጣውን እንደ አኮርዲዮን ያጠፈችው ልጅ አለቀሰች። ለወላጆች ሊታይ ቀኑ የተቆረጠለት ሥራ ነበር።

ቀኑ ተራዘመ፤ የአናጢ ነጭ ኮላ ገዝተን እንደ አዲስ ተቀመጥን። የገረመኝ፣ የመጀመሪያውን መልሶ ለመቅዳት የሞከረ አለመኖሩ ነው። ቆርጠው፣ አንቀሳቅሰው፣ ተከራክረው ያወቁት ነገር እጃቸው ላይ ስለነበረ የፈጁት ጊዜ አጭር፣ ሥራውም የጠራ ሆነ። ላስቲክ በዱቄት ሙጫ አይያዝምና ጽጌረዳዋ የተለጠፈችው በማስቲሽ ነበር፤ አይጥ አልነካትም።

ለትርኢቱ እናቱ ቀድመው መጡ። ልጁ በዚህኛው ጽጌረዳዋን ለሁለት ሰንጥቆ አንዱን ግማሽ ከላይ፣ ሌላውን ከታች አድርጓል።

«ደግሞ ቆረጥካት?»

«ዓይን ሁለቱን ለማገናኘት ሲመላለስ ከወረቀቱ አይወጣም ብዬ ነው፣ እማዬ።»

ቀረብ ብለው፣ ራቅ ብለው አዩት። «እሱስ ልክ ነህ። የታችኛዋ ግን ጋዜጣው ውጧታል፤ ጠቆር ያለ ነገር አንጥፍላት» አሉት። በሩ ሊከፈት ጥቂት ቀርቶታል፤ ልጁ ኮላውን አንስቶ ጥቁር ወረቀት ፍለጋ ሮጠ።