ወርቅ የሌለው ሰም

ማለባበስ ጸያፍ ቃልን ከነጉዳዩ ከአደባባይ የማስወገድ ጥበብ ነው። ባለሙያዎቹ የሚያስወግዱት ቃሉን ብቻ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ጉዳዩ ተከትሎ የሚሄደው በራሱ ጨዋነት ነው። ጥበቡን ከቅኔ ጋር የሚያምታቱ አሉ። ቅኔ ሰም የሚያለብሰው ሰሚው ወርቁን ፈልጎ እንዲያወጣ ነው፤ ማለባበስ ግን ሰሙን ደራርቦ ከሥሩ ምንም እንዳልነበረ ያደርጋል። በዚህም የቅኔ ተማሪን የዓመታት ድካም አስቀርቷል።

ጥበቡን በሥራ ላይ ለማየት ጎንደርና ዙሪያዋ ይመቻሉ። በዚያ አገር ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ለዘመናት «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል። ቀን ማረሻ የሚያበጀው ሰው ሌሊት ጅብ እንደሚሆን ይታመናል፤ ያበጀው ማረሻ ግን በማግስቱ ያለ ሥጋት ያርሳል፣ ሚስቱ የሠራችው ድስትም ይጣዳል። ልጅ ሲታመም «ቡዳ በላው» ይባላል። ሕመምተኛው ጭስ እየታጠነ የበላውን እንዲናገር ይጠየቃል፤ የሚጠራውም የጎረቤት ስም ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ደግሞ ዘር ይቆጠራል። ክፉ ልማድ ነው፤ ቢሆንም ማን ማንን ምን እንዳለ ይታወቃል።

ይኸው ጉዳይ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ፀዳም ሆነ በሌላ ከተማ አዳራሽ ሲገባ ልብሱን ይቀይራል፤ «በአንዳንድ የዕደ ጥበብ ባለሙያዎች ላይ የሚስተዋለው የተዛባ አመለካከት» ይሆናል። የዓረፍተ ነገሩ አሠራር የሚደነቅ ነው። «አንዳንድ» ስለሚል ተሰዳቢው አይታወቅም። «የሚስተዋለው» ስለሚል ማን እንዳስተዋለ አይጠየቅም። «አመለካከት» ስለሚል ደግሞ ማንም ምንም አላደረገም። ሰዳቢም፣ ተሰዳቢም፣ ስድብም የሌለበት ስድብ በሙሉ ድምፅ ይወገዛል። ከታዳሚው መካከል ልጁን ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ የሚድር ማን ነው? ቀጥቃጩ ቤት ገብቶ እህል የሚቀምስስ? እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም፤ የሚነሣበት ቃል የለውም። ቀጥቃጩ ራሱ ከአዳራሹ ቢገኝ እንኳ የሚወራው ስለ እርሱ መሆኑን ለማወቅ አጠገቡ የተቀመጠውን መጠየቅ ይኖርበታል። የሻይ ዕረፍት ሲደርስ ቃሉ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል።

ገበሬው «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ይላል። ገበሬው የመድረክ ሥራ ስለማያውቅ ነው። በመድረክ ሥራ አረሙ ጉዳት የለውም፤ በዓመቱ አዲስ የግንዛቤ ማስጨበጫ በጀት የሚያዘው በእርሱ ስም ነው።

ጥበቡ ባልዳበረበት ዘመን ከባድ ስሕተት ይፈጸም እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እንዳይሰደቡ ባወጁት አዋጅ ብረት ሠሪው «ጠይብ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ መሰደቡን በግልጽ አነሡ። ንጉሠ ነገሥቱ «አንዳንድ አካላት» ማለትን አልተማሩም ነበር። አዋጁን የሰማ ሁሉ ከእንግዲህ የትኛውን ቃል ቢናገር እንደሚቀጣ ያውቅ ነበር፤ ቀጥቃጩም ንጉሡ ስለ እርሱ መናገራቸውን ያውቅ ነበር። ስድቡ በአዋጅ አልጠፋም፤ ሊደበቅ ግን አልቻለም።

የዛሬው ሕግ በዚህ ረገድ ከዛሬው ጨዋነት ወደ ኋላ የቀረ ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለትምህርታዊ ጥናት፣ ለዜና ዘገባ፣ ለፖለቲካ ትችትና ለኪነ ጥበብ ሥራ መውጫ ትቷል። ቃልን በሰው ፊት መወርወርና ቃልን ጠቅሶ መመርመር የተለያዩ መሆናቸውን ሕጉ ያውቃል ማለት ነው። ዜናው ግን ከሕጉ በላይ ጨዋ በመሆኑ «ተገቢ ያልሆነ ንግግር ተናግሯል» ብሎ ያልፋል። አንባቢው ሰውየው ሕዝብ ሰድቦ ይሁን ባለሥልጣን ተችቶ መለየት አይችልም። ይህም ለሁሉም ወገን ይበጃል፦ ትችት የጠላው ከሳሽ ትችቱን ጥላቻ ብሎ ያስመዘግባል፤ በእውነት የተሳደበውም «እንደዚያ አላልሁም» ይላል፤ ምን እንዳላለ የሚጠይቀው የለም።

አሜሪካኖቹ ከዚህም አልፈው ሄደዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ታይምስ አንጋፋ የጤና ዘጋቢ ከሥራው የለቀቀው፣ አንዲት ተማሪ ጥቁሮችን የሚያዋርደውን ቃል በመናገሯ መቀጣት ነበረባት ወይ በሚል ጨዋታ መካከል ቃሉን ራሱን ደግሞ በመገኘቱ ነው።

ስም መለወጥ ሁሉ ማለባበስ አይደለም። «ቆማጣ» ቀርቶ «የሥጋ ደዌ ተጠቂ» ሲባል ከስሙ ጋር የሚያድን መድኃኒትም አለ። «ፈላሻ» ቀርቶ «ቤተ እስራኤል» መባሉም ሰዎቹ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም መጥራት ስለሆነ ተገቢ ነው። ጨዋነቱ የሚላላው ገንዘብ ሲያይ ነው። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ዘመቻዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ስድቡ ግን የቱሪስት መስህብ ሆኖ «የፈላሻ መንደር» እየተባለ እንግዳ ሲጠራ ኖሯል። አዳራሽ ውስጥ የሚያሳፍር ቃል መንገድ ዳር ዶላር ያመጣል።

ጥበቡ ከስድብ አልፎ በሽታንም ጨዋ አድርጓል። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ቦታ የተነሣው ወረርሽኝ «አተት» ነበር፤ ሲዘረዘር አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደርና በዋግ ኽምራ ሲነሣ ግን የጤና መሥሪያ ቤቱ ራሱ ኮሌራ አለው። በመካከሉ የተለወጠው ተቅማጡ አልነበረም።

ጥበቡን የሚያሰናክለው አንድ ያልሠለጠነ ሰው ብቻ ነው፤ እጁን አውጥቶ «እኔን እኮ ቡዳ ነው የሚሉኝ፤ ባለፈው እድር ላይ እገሌ ነው ያለኝ» የሚል። ለዚህም መፍትሔ ተዘጋጅቷል። መድረክ መሪው «አገላለጹ ይስተካከል» ይላል። ተናጋሪው አገላለጹን ሲያስተካክል «አንዳንድ ግለሰቦች አንዳንድ ነገር ይላሉ» ብሎ ይቀመጣል። ጸሐፊው «ከቤቱ ለተነሡ ጥያቄዎች ማብራሪያ ተሰጥቷል» ብሎ በቃለ ጉባኤው ያሰፍራል፤ ተሰብሳቢውም ለአበል ይሰለፋል።