አልጋና አክስት፦ በአዲስ አበባ የሆቴል አመራረጥ ላይ የተደረገ ጥናት

ስለ ሆቴል አመራረጥ እስካሁን የተሰጡ ምክሮች ሁሉ አንድ ጉድለት አለባቸው፤ አክስትን ከግምት አላስገቡም። ዋጋውን ጠይቅ፣ ሰፈሩን አጥና፣ አንሶላውን ገልጠህ እይ፣ ከተቻለ ቁርስ ያለበትን ያዝ ይላሉ። ምክሩ ዘመድ ለሌለው ሰው ይበጃል። ከደሴ ተነስቶ አዲስ አበባን ሁለት ሦስት ቀን ሊያያት ለመጣ፣ የእናቱ ታናሽ እህት አያት ኮንዶሚኒየም ለምትኖርበት ጎልማሳ ግን ምንም አይፈይድለትም። እንዲህ ያለ ሰው ንጹሕ፣ ርካሽና ሙቅ ውሃ ያለው ክፍል ከበሩ ቆሞ አይቶ «እመለሳለሁ» ብሎ ሲሄድ በተደጋጋሚ ታይቷል። ክፍሉን ጠልቶ አይደለም። ከሆቴሉ ፊት ለፊት ወያላው «አያት! አያት!» ሲል ስለሰማ ነው። ይህ ጥናት የሚነሳው ከዚህ ነው።

ለነገሩ ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በማረፊያ ምርጫ ነው። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ነበር፤ እንጦጦ ደግሞ ለጦር እንጂ ለአጥንት የሚመች ተራራ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ። ስለዚህ የዋና ከተማዋ የመጀመሪያ መመረጫ መስፈርት ሙቅ ውሃ ነበር ማለት ነው። ዛሬም እንግዳ ሪሴፕሽኑ ላይ ክርኑን አስደግፎ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ሙቅ ውሃ አለው?» ብሎ ነው። ሂልተን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት የመዋኛ ገንዳውን ሳይቀር በፍል ውሃ ሞልቶ ለጥያቄው አጥጋቢ መልስ ሰጥቷል። የቀሩት «ቦይለሩን አሁን ነው ያበራነው» በማለት ላይ ናቸው።

ለማረፊያ ገንዘብ መክፈል ግን በቀላሉ የተለመደ ነገር አይደለም። እቴጌይቱ ፒያሳ ላይ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ሲያስከፍቱ፣ እንደሚተረከው፣ መኳንንቱ ምግቡን ወደውት ሒሳቡ ግራ አጋባቸው። ግብር የበላ ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ ሒሳብ አይጠየቅማ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው ማሳየት ነበረባቸው ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ መንገድ ለእራት መክፈልን አስተማሩ። ዘመድ በሚኖርበት ከተማ ለአልጋ መክፈልን ግን እስከ ዛሬ ያስተማረ የለም። የጥናታችን ችግር የመነጨው ከዚህ የሥርዓተ ትምህርት ክፍተት ነው።

ቀድሞ ነገሩ ቀላል ነበር። ዘመድ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ ይኖራል፤ እንግዳው አውቶቡስ ተራ ይወርዳል፤ ቅቤውንና ማሩን ይዞ ይሄዳል፤ ሳሎን ፍራሽ ይነጠፍለታል፤ አለቀ። ሆቴል ለሾፌር፣ ለነጋዴና ዘመድ እንዲያውቀው ለማይፈለግ ጉዳይ የተተወ ነበር። ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ። ዕጣ የወጣላት አክስት ጓዟን ጠቅልላ ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ገባች። ዕጣ ያልደረሳትም ብትሆን በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ ዳር ሄዳለች። እናም ዛሬ አክስት ቤት አድሮ ሜክሲኮ ጉዳይ መፈጸም ማለት፣ ሊፍት ከሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወርዶ የታክሲ ሰልፍ መያዝ ማለት ነው። የአክስት ቤት ወደ ዳር በተገፋ ቁጥር የመሐሉ ሆቴል ምክንያታዊ ሆነ። ይሉኝታው ግን ለልማት አልተነሳም፤ እዚያው በቦታው አለ።

ከዚህ ተነስተን የርቀት ሕግ አውጥተናል። ርቀቱ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በታክሲ ቅያሪ ነው። ሆቴሉ ከአክስት ቤት በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ከሆነ፣ ሰውየው ሆቴል ያረፈው አክስቱን ስለናቀ ነው። ሦስት ታክሲ የሚያስይዝ ከሆነ ደግሞ የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው፤ ወሬውም አክስቲቱ ዘንድ ሳይሆን ሚስቱ ዘንድ ይደርሳል። ሁለት ታክሲ ልከኛ ነው፤ «ሩቅ ሆኖብኝ» ለማለት ያስችላል፣ ጥርጣሬም አያስነሳም። የከተማዋ ሆቴሎች በማስታወቂያቸው ለኤርፖርት ስላላቸው ቅርበት አብዝተው ሲናገሩ ለአያት ስላላቸው ርቀት ዝም ማለታቸው ያስገርማል። በሕጉ ላይ ትልቁን መዛባት ያስከተለው ባቡር ነው። በ2008 ዓ.ም. ከአያት ተነስቶ በመገናኛ፣ በኡራኤልና በስታዲየም አድርጎ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው መስመር ሥራ ሲጀምር፣ በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሆቴሎች በሙሉ በአንድ ጀንበር ከሁለት ታክሲ ወደ አንድ ትኬት ወረዱ። ስለ ባቡሩ ጥቅም ብዙ ተብሏል፤ በዚህ በኩል ያደረሰውን ጉዳት ያነሳ ግን አልገጠመንም።

ርቀቱ ቢጠበቅም የምስክር ጉዳይ አለ። ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ፣ የደሴ ሰው ከሆቴል በር ሲወጣ የሚያገኘው የደሴ ሰው ነው። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ጤና፣ ልጆች፣ ከብት፣ ዝናብ። በመጨረሻ «የት አረፍክ?» ይመጣል። ጥያቄው የደግነት ነው። መልሱ ግን ከምሳ በፊት አያት ይደርሳል፤ ስልክም ይደወላል፦

«አንተ ልጅ፣ መጥተሃል አሉ።»

«አዎ እትዬ፣ ማታ ነው የገባሁት፤ አሁን ልደውልልሽ ስል…»

«ሆቴል ነው ያለኸው አሉ። እኔ ሞቼ ነው?»

«ኧረ ዕድሜ ይስጥሽ እትዬ! መሥሪያ ቤት ነው የያዘልኝ።»

በዚህ ጥናት ሂደት ከዚህ የተሻለ መልስ አልተገኘም። የመልሱ ጥንካሬ ከታሪክ የመነጨ ነው። አዲስ አበባ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ ስትሆን፣ ሌላ ሰው አልጋ የያዘለትን ሰው ማስተናገድ ለምዳለች። ተሰብሳቢ ሆቴል አይመርጥም፤ ይመደባል። አክስት ከእህቷ ልጅ ጋር መጣላት ትችላለች፤ ከመሥሪያ ቤት ጋር ግን አትችልም። ስለዚህ የእህል ነጋዴው፣ ጡረተኛው፣ ሥራ ፈላጊው ሳይቀር መሥሪያ ቤት ይዞለታል። በገዛ ገንዘቤ ያዝኩ ብሎ ለአክስቱ የተናገረ ሰው ለናሙና ቢፈለግ ጠፍቷል። አክስቲቱ ግን መከላከያውን የምታልፍበት ቀዳዳ አላጣችም። «እና መሥሪያ ቤትህ እራት እንዳትበላ ከልክሎሃል?» ትላለች።

ከዋሽንግተን የሚመጡት ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው። «ልጆቹን ውሃው አልተስማማቸውም» ሲሉ አክስት ራሷ ሆቴል ታፈላልጋለች። ለነፃነታቸው በሻንጣ ከፍለዋል።

ስለ ክፍሉ ባጭሩ። በ2007 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ለከተማዋ ሆቴሎች ኮከብ ሰጥቷል፤ በሥራው ላይ ነቀፋ የለንም። ሆኖም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ኮከብ ከመቁጠር ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ መቁጠር ይሻላል። ሮቶ ከመንገድ ማዶ ይታያል፤ ለማየትም ቪዛና ደረሰኝ አያስፈልግም። ከፍ ባሉት ሆቴሎች ዋጋውን ሲነግሩ እስኪጨርሱ አለመስማት ስህተት ነው፤ አሥራ አምስት በመቶ ቫትና አሥር በመቶ የአገልግሎት ከኋላ ስለሚከተሉ ሁለት ሺህ ብር የተባለው አልጋ ሲነጋ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ በላይ ሆኖ ይነሳል። ከሪሴፕሽኑ ጀርባ የኒውዮርክን፣ የለንደንንና የዱባይን ሰዓት የሚያሳዩ ሰዓቶች ይሰቀላሉ። እንግዳው ክፍል የሚለቀው ከቀኑ ስድስት ሰዓት መሆኑን የሚያሳይ ሰዓት ግድግዳው ላይ የለም፤ አራተኛው ሰዓት ከእንግዳው እጅ ላይ ይታያል ተብሎ ታስቦ ይሆናል። ፍራሹን በመዳፍ መጫን፣ ቧንቧውን ከፍቶ መጠበቅ፣ ቴሌቪዥኑን ማብራት የታወቀ ሥርዓት ነው። ነጠላ ጫማው ሁለቱም የግራ እግር እንዳይሆን ማየትም አይከፋም።

የጥናቱ ዋና ግኝት ግን የተገኘው በምሽት ነው። እንግዳው «እራት ብቻ» ብሎ አያት ይሄዳል። ዶሮው ይቀርባል። ቡናው ይፈላል፤ ሦስተኛው ሳይጠጣ መነሳት ነውር ነው። የአገር ቤት ሰው ሁሉ በየተራ ይነሳል፤ የሞተው፣ ያገባው፣ መሬቱን የተቀማው። በመጨረሻ ሰውየው ተነስቶ ጫማውን ሲፈልግ ጫማው የለም፤ ልጆቹ መኝታ ቤት አስገብተውታል። «በዚህ ሌሊት ምን ታክሲ አለና ነው?» ትላለች አክስት። እውነቷን ነው፤ የለም። ሳሎን ፍራሽ ይነጠፋል፤ ያ ፍራሽ፣ ካዛንቺስ የነበረው። በማግሥቱም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ትናንት ያደረ ሰው ዛሬ አላድርም ቢል ምን አጉድለንበት ነው ያሰኛል።

በዚህም መሠረት ከክፍለ ሀገር መጥቶ፣ በከተማዋ አክስት እያለችው አልጋ ለያዘ ሰው፣ ሆቴሉ የሚያገለግለው ሻንጣውን ለማሳደር ነው። ሻንጣ ሙቅ ውሃ አይጠይቅም፤ ጫጫታ አይረብሸውም፤ ቁርስ አይበላም። ስለዚህ ቁልፉ በደንብ የሚቆልፍ፣ ወለሉ እርጥበት የሌለው ማንኛውም ክፍል ይበቃዋል፤ ቀሪውን ገንዘብ ለአክስት ስኳርና ቡና ማዋል ይመከራል። ክፍሉ ውስጥ ሰው እንዳላደረ በመጥቀስ ቅናሽ መጠየቅ ይቻል እንደሆነም ተሞክሯል። ሪሴፕሽኗ አዳምጣ፣ አንሶላው እንዳልተነካ ክፍሉን ከምታጸዳው ልጅ አጣርታ፣ ከአልጋው ዋጋ ትንሽ ልትቀንስ ተስማምታለች። የአገልግሎት አሥር በመቶው ግን እንደማይቀነስ፣ ሻንጣውን ከታች ወደ ላይ ያወጣው ልጅ መኖሩን አስረድታለች።