በሰንጋ ተራ የጽጌረዳ ጠብታ ላይ የተደረገ ቅድመ ጥናት

ማለዳ ቴሌግራም የሚከፍት ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃታል፤ ቀይ ጽጌረዳ ናት፤ አበባዋ ላይ የውሃ ጠብታ ተቀምጦባታል፤ ከሥሯ «መልካም ቀን ይሁንላችሁ» ይላል። ላኪዋ ብዙውን ጊዜ አክስት ናቸው። ቤተሰቡ ተራ በተራ «አሜን» ይላል፤ ቀኑም ይጀመራል። ይህን ያህል አሜን የተባለላትን ጠብታ ግን ማን አንጠባጠባት ብሎ የጠየቀ አልተገኘም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት ታስቦ የተካሄደ ነው።

የጥናቱ ቦታ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ሰንጋ ተራ ነው። ድሮ ሰንጋ ይሸጥበት የነበረው ሰፈር ዛሬ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል፤ ባንክ ደግሞ አበባ ይወዳል። በሩ ላይ መደብ አለ፤ መደቡ ላይ ጽጌረዳ፤ ጽጌረዳው አጠገብ ጥበቃ። ሦስቱ በአንድ በጀት የተያዙ ይመስል አይነጣጠሉም። ስለ ሦስተኛው በኋላ በሰፊው እንመለስበታለን።

የጠብታ ፎቶ አንሺዎች ማኅበረሰብ ከሁሉም በላይ የሚኮራው «በተፈጥሮ ብርሃን ብቻ» በማንሳቱ ነው። ፍላሽ ነውር ነው፤ አምፖል ኃጢአት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ፀሐይ አታንገራግርም፤ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ስለዚህ ያቺ ለስላሳ የማለዳ ብርሃን አውሮፓ ላይ የምትቆየውን ያህል እዚህ አትቆይም። በሰንጋ ተራ ደግሞ ፀሐይ ወጣች ማለት መሬት ደረሰች ማለት አይደለም። በየካቲት 2014 የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን 209 ሜትር ነው፤ ዙሪያው ያሉትም አጫጭር አይደሉም። ብርሃኗ መጀመሪያ የምትደርሰው ለበላይ አመራሩ ነው፤ ቀጥሎ ለመምሪያዎች፤ ቀጥሎ ለወረፋ ጠባቂው ደንበኛ፤ አበባው ጋ ስትደርስ አናት የምትበሳ ሆናለች። አንዳንዴ ከማዶ ሕንፃ መስታወት ላይ ነጥራ ቀድማ የምትመጣበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለችው ፀሐይ የተፈጥሮ ናት ወይስ የማዶው ባንክ? ጥናቱ ይህን ለሕግ ባለሙያዎች ይተወዋል።

ውሃና ብርሃንም ዓመቱን ተከፋፍለውታል። በክረምት ጠብታ እንደ ልብ ነው፣ ፀሐይ የለችም። በበጋ ፀሐይ ሞልታለች፣ ጠብታ ግን ጤዛ እስኪጥል ይጠበቃል፤ ጤዛ ደግሞ በኮንክሪት መሃል አይደላውም። ሁለቱ የሚታረቁት በመስከረም ነው፤ አደይ አበባ ወሯን የመረጠችው ይህን አጥንታ ሳይሆን አይቀርም። ለቀሪው ዓመት የጠብታ ምንጭ ጸጉር ቤቶች ጸጉር የሚያርሱበት የፕላስቲክ መርጫ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንት «የማለዳ ጤዛ» የሚቀዳው ከጀሪካን ነው።

ሁሉም ቅጠል ጠብታ አይዝም። በ1997 እ.ኤ.አ. ባርትሎት እና ናይንሁይስ የተባሉ የጀርመን ዕፅዋት አጥኚዎች እንደ ሎተስ ባሉ ቅጠሎች ላይ ውሃ ለምን ተንከባልሎ እንደሚወርድ፣ ሲወርድም አቧራውን ጠርጎ እንደሚሄድ አስረዱ። ቅጠሉ በሰምና ዓይን በማያያቸው ጉብታዎች የተሸፈነ ነው፤ የእኛው ጎደሬም ከዚሁ ወገን ናት። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች የጽጌረዳን አበባ መርምረው ሌላ ጠባይ አገኙባት። ጠብታውን ክብ አድርጋ ትቀበላለች፤ ነገር ግን አትለቅም፤ ብትገለበጥ እንኳ አይወድቅም። የገባላትን የማትለቅ አበባ ለባንክ በር መመረጧን እንደ አጋጣሚ መቁጠር ይከብዳል።

ከ2.7 ሚሊሜትር የምታንሰውን ጠብታ የውሃው የገጽ ውጥረት ድቡልቡል አድርጎ ይይዛታል፤ ከዚያ በላይ የሆነችው በክብደቷ ትንጠፈጠፋለች። ድቡልቡሏ ሌንስ ናት፤ ከኋላዋ ያለውን ሁሉ አሳንሳና ገልብጣ ታሳያለች። በአንድ ለአንድ መጠን ለሚያነሳት ሰው ግን ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት አንድ ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ መተንፈስ ክልክል ነው። ስለዚህ ባለሙያው በሆዱ ተኝቶ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ስልኩን ወደ ባንክ በር ደግኖ ይገኛል። ሦስተኛው አካል ወደ ጥናቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

«ወንድሜ፣ ፎቶ ክልክል ነው።»

«አበባዋን ነው ጋሼ።»

«አበባዋስ የማን ናት? የባንኩ ናት።»

«ኧረ ጠብታዋን ብቻ ነው።»

ጋሼ አሰብ አደረጉ። «ጠብታዋስ ከየት መጣች? ከባንኩ ቧንቧ ነው።»

ከራሴ ጀሪካን ነው ቢባል ሌላ ጥያቄ ስለሚያስከትል አጥኚው ዝም አለ። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው ሥዕሉን በሁለት ጣት ከፈት አደረጉት፤ አሁንም ከፈት አደረጉት። በጠብታዋ ውስጥ ሕንፃው ከነመስኮቱ ተንጠልጥሏል።

«ይኸው! ሕንፃችን አይደለም እንዴ?»

«የተገለበጠ ነው እኮ ጋሼ።»

«ባንክ መገልበጥማ የባሰ ነው።»

ይህ ክርክር በዓለም የጠብታ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ መልስ አላገኘም፤ እውነቱን ለመናገር ጋሼ ከአጥኚው የተሻለ ተከራክረዋል። ውሳኔያቸውም አጭር ነበር፤ «ደብዳቤ አምጣ።»

ደብዳቤው «ጉዳዩ፦ አንድ ጠብታ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ስለመጠየቅ» በሚል ተጽፎ ለመዝገብ ቤት ገባ፤ ለሚመለከተው ክፍል ተመራ፤ የሚመለከተው ክፍልም አይመለከተኝም ብሎ መለሰው። በሁለተኛው ዙር ጠብታዋ የት እንዳለችና ለምን ያህል ጊዜ እንደምትፈለግ በዝርዝር እንዲገለጽ ተጠየቀ። ጠብታ ፀሐይ ካገኛት ግማሽ ሰዓት መቆየቷ ያጠራጥራል። አንድ ፊርማ ደግሞ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ባይሆኑም እንኳ፣ ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ በውሃ የሚሠራ ጠብታ ከአሠራሩ ጋር እንደማይጣጣም ተደርሶበታል።

መፍትሔው ከፋርማሲ ተገኘ። ለተሰነጠቀ ተረከዝ የሚገዛው ግሊሰሪን ከውሃ ጋር ተደባልቆ ሲረጭ ቶሎ አይደርቅም፤ እንዲያውም ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ይቆያል። በሌላው ዓለም ያሉ አበባ አንሺዎች ከነፋስና ከፀሐይ ለመሸሽ በዘዴ ይጠቀሙበታል፤ ሲጠየቁ ጤዛ ነው ይላሉ። በሰንጋ ተራ ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ ማኅተም እስኪመጣ የሚጠብቅ ጠብታ እስካሁን ከዚህ ሌላ አልተገኘም።

አጥኚው ጠርሙሷን ይዞ ተመለሰ። ጋሼ ክዳኗን ከፍተው አሸተቱ፤ ወደ ብርሃን አንስተው አዩዋት፤ ፈሳሽ ይዞ ለመቅረብ የራሱ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግም አስረዱ።