ስንተኛ ወጣህ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቁ ሩጫን ሮጬ የተመለስኩ ዕለት፣ ሜዳሊያዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እያነከስኩ ሰፈር ስደርስ፣ ባለሱቁ ወዳጄ በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ስንተኛ ወጣህ?»

«እኔንጃ።»

«እንዴት እኔንጃ? ሮጠህ የለም እንዴ?»

«ሮጫለሁ። ከ40 ሺህ ሰው በላይ ነው የሮጠው፤ ማን ቆጥሮኝ?»

ትንሽ አሰበ። እንቁላል ልትገዛ ለመጣች ልጅ መልስ ቆጠረላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ፣ ዘንድሮ ዙሩ ከሯል አሉ» አለኝ። ማታውን ሰፈሩ ውስጥ የተወራው «እሱ እኮ አልቀናውም» ተብሎ ነበር። ሚስቴ እንኳን ራቱን ስታቀርብ እንደ ለቅሶ ቤት በዝምታ ነበር ያቀረበችው።

አልፈርድባቸውም። የእኛ ሰው ሩጫ የሚያውቀው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው፤ እዚያ ደግሞ ወይ ወርቅ ነው፣ ወይ ብር ነው፣ ወይ ነሐስ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው በሙሉ «ሳይቀናው ቀረ» ነው። የሰፈራችን ሕፃናት ትዕግሥት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ እንደገባች እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃላቸው ይወጡታል። በዚህ አገር ቀርፋፋ ሯጭ መሆን ከፋ ተወልዶ ቡና አልጠጣም እንደማለት ነው፤ ሰው አይቆጣህም፣ ግን ቤተሰቦችህን ያዝንላቸዋል።

እኔም ብሆን ወድጄ አልገባሁበትም። ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለካና መነጽሩን አወለቀ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ።»

«ከወንበርዎ ይነሳሉ?»

«ማኅተም ለማስመታት ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ።»

«በእግርዎ?»

«ሊፍት አለ።»

የመድኃኒት ማዘዣውን አውጥቶ ሲጽፍ ክኒን መስሎኝ ነበር። ወጥቼ ባነበው «ሶምሶማ» ይላል። ፋርማሲ ይዤው ብሄድ ኖሮ «አልቋል፣ ሌላ ቦታ ይሞክሩ» ብለው በገላገሉኝ።

ጫማውን የገዛሁት መርካቶ፣ ከሳልቫጅ ነው። ሻጩ ሶሉን ወደ ውስጥ ደብቆ «ይሄ ጫማ በርሊንን ሮጧል» ብሎ ማለልኝ። ቤት ደርሼ ገልብጬ ሳየው እውነቱን ነው፤ እንዲያውም ደርሶ መልስ ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤታችን እማማ ግን ዋጋውን ሲሰሙ አማተቡ።

«አንተ ልጅ፣ አበበ ቢቂላ ጫማ ነበረው?»

ይህን ክርክር ተዘጋጅቼበት ነበር። «እማማ፣ አበበ በ1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በ1957 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ጫማው ሦስት ደቂቃ ቆጠበለት ማለት ነው።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው አዩኝ። «እሺ፣ አንተ ሦስት ደቂቃ ቆጥበህ ምን ልታደርግበት ነው?»

እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ያም ሆኖ በማግስቱ ልጃቸውን በሶ በማር አስይዘው ላኩልኝ። ለአንድ ክፍለ ጦር ይበቃል።

ልምምድ የጀመርኩት መስቀል አደባባይ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃዎቹን ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ከጫፍ ጫፍ ይሮጣሉ፣ አንድ ደረጃ ወጥተው ይመለሳሉ፣ እንደገና አንድ ይወጣሉ። ከታች ሲታይ ሰው ሸማ የሚሠራ ይመስላል። እኔም በሦስተኛው ሳምንት፣ በአራተኛው ደረጃ ላይ፣ ጎኔን ውጋት ቀስፎኝ ጉልበቴን ይዤ አጎንብሻለሁ። ቱታዋ ጉልበቱ ላይ የነጣ አንዲት ከሲታ ልጅ አራት ጊዜ አለፈችኝ። በአምስተኛው ቆመች። ትንፋሿ እንኳ አይሰማም።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና… ነኝ።»

«ሰው ልጥራልዎት?»

«እየሮጥኩ… እኮ… ነው!»

ግራና ቀኝ ተመለከተች፤ የምሮጥበትን ቦታ የምትፈልግ ትመስል ነበር። ከዚያ እንደ ጨዋ ልጅ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ለመጀመሪያው ቀስ ይበሉ» አለችኝ። ያ እኮ ነው የእኔ ቀስታ! በኋላ ነገሩን ለራሴ ያጽናናሁት በአየሩ አሳብቤ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ኦክስጅኑ ሳሳ ያለ ነው፣ ለዚህም ነው የውጭ አገር ሯጮች ትኬት ቆርጠው እዚህ ድረስ ለልምምድ የሚመጡት። እኔ ግን ይህን ውድ አየር 48 ዓመት በነጻ ስተነፍሰው ኖሬ ምንም አልፈየደልኝም።

ሚስቴ ለዘመድ አዝማድ ስልክ እየደወለች «ማራቶን ሊሮጥ ነው» ትላለች። «10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማራቶን አይባልም» ብላት «10 ኪሎ ሜትር ማራቶን ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? መንገድ ነው?» አለችኝ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሆኑን፣ ይህም ልክ የተወሰደው በ1908 እ.ኤ.አ. በለንደን ኦሎምፒክ ሩጫው ከዊንድሰር ቤተ መንግሥት ተነስቶ ስታዲየሙ ውስጥ ከንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት ለፊት እንዲያበቃ ስለተደረገ መሆኑን አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። «እና ለእነሱ መቀመጫ ብሎ ነው ዓለም የሚሰቃየው?» ብላ ስልኩን እንደገና አነሳች። «ሃሎ፣ እና ምን አልኩሽ፣ ማራቶኑ…»

ታላቁ ሩጫ መቼም ሩጫ ብቻ አይደለም፤ ጥምቀትም ነው፣ ሠርግም ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የጠነሰሰው ይህ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ነው። ደጋሹ ራሱ ቀድሞ በላ ያሰኛል፤ ግን ማን ደፍሮ ይቅደመው? ቲሸርቷ ደግሞ መግቢያህ ናት። ሽሚያዋን ተሻምቶ ያገኘ ሰው ኅዳር ላይ ሮጦባት እስከ ፋሲካ ይለብሳታል። ከዚያ ቤት ይጸዳባታል።

የሩጫው ዕለት ከሕዝቡ መሀል ተወትፌ ቆምኩ። ጥይት ይሁን ጥሩንባ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ብቻ ከፊት «ሆ!» ተባለ፣ እኛ ግን አልተንቀሳቀስንም። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። አጠገቤ የቆሙ ወጣቶች ክብ ሠርተው መጨፈር ጀመሩ። በስንት ግፊያ ወደ መነሻው መስመር ስንቃረብ በድምፅ ማጉያው ጩኸት ተሰማ፤ ለካ ግንባር ቀደሞቹ አትሌቶች እየገቡ ነው። ለእነሱ 10 ኪሎ ሜትር የግማሽ ሰዓት ሥራ እንኳ አይደለም። እኔ መነሻውን ሳልረግጥ አሸናፊው ጨርሶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ለጋዜጠኛ «ፈጣሪ ይመስገን» እያለ ነበር። በሒሳብ ሥራ 22 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ሳይከፈት የተዘጋ መዝገብ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ሜክሲኮ ስናቀና ጎፈር የደፋ፣ ጦርና ጋሻ የያዘ ሰው ቀደመኝ። እሺ፣ ይሁን፣ ጀግና ነው። ቀጥሎ ቩቩዜላ የሚነፋ ጎረምሳ ቀደመኝ፤ ሳንባውን ለሁለት ሥራ እያዋለ! ከዚያ ስልክ የምታወራ ሴት ቀደመችኝ፤ ሽንኩርት ስንት ብር እንደገባ ሰምቼ ሳልጨርስ ራቀች። አንድ ግቢ በር ላይ ደግሞ የቤቱ አባወራ የአትክልት ጎማ ይዘው ሯጩን ሁሉ ያርሳሉ። እኔ ስደርስ አዘኑልኝ መሰል ውሃውን አቆሙና በጆግ ቀድተው አጠጡኝ። መጨረሻው አካባቢ ያለውን ዳገት የወጣሁት በእግሬ አይደለም ማለት ይቻላል፤ የሚጨፍሩ የሠራተኞች ቡድን ክብ ውስጥ ሳላስበው ገብቼ፣ መውጫ አጥቼ፣ እየዘለልኩ አብሬያቸው ገባሁ። የሆነ ድርጅት የቡድን ፎቶ ላይ አሁንም መሀል ላይ አለሁ።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው «ስንተኛ ወጣህ?» የተባልኩት።

ቆጨኝ። ከ40 ሺህ ሰው መሀል ተራዬን ማወቅ ካልቻልኩ ሰው ወደሚያንስበት መሄድ አለብኝ ብዬ፣ በዓመቱ ሐዋሳ ላይ ለሚካሄደው ግማሽ ማራቶን ተመዘገብኩ። 21 ኪሎ ሜትር። እዚያ ቩቩዜላ የለም፣ ጭፈራ የለም፣ መደበቂያም የለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለምትል ትንፋሽ ይገኛል፤ ፀሐይዋ ግን ያገኘኸውን ትወስድብሃለች።

እስከ 12ኛው ኪሎ ሜትር ደህና ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ቀረሁ። ሐይቁ ዳር አንድ አባ ኮዳ ቆሟል፤ ራሰ በራ፣ ትከሻውን ሰብሮ፣ ክንፉን ወደ ኋላ እንደ ካፖርት ጥሎ፣ ልክ በሰኔ መጨረሻ ቢሯችን እንደሚመጣው ኦዲተር። ሳልፍ አንገቱን አዙሮ ተከተለኝ። የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስላል።

17ኛው ላይ ባቴን ያዘኝ። አስፋልት ዳር ተቀምጬ ሳሻሸው አበበ ትዝ አለኝ። አበበም በ1961 ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጧል፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ነው ያመጣው። አበበ ካቋረጠ እኔ ማን ነኝ? ደስ አለኝ፤ የጫማዬን ክር እንኳ መፍታት ጀምሬ ነበር። ከዚያ የእማማ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፦ «አበበ ያቋረጠው ሁለት ወርቅ አምጥቶ ነው። አንተ ምን አምጥተሃል?» ክሬን አሰርኩ።

ይሄኔ መንገዱ ለመኪና ተከፍቷል። አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቀስ አለ።

«ፋዘር፣ ላድርስህ?»

«ውድድር ላይ ነኝ።»

ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ አየ፣ ወደ ፊት አየ። መንገዱ ላይ አንድ አህያ ብቻ ነበረ። «ከማን ጋር?» አለኝ። ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ሲያይ ግን ፊቱ በራ። ማርሹን አንድ ላይ አድርጎ ከፊቴ ገባና አሯሯጭ ሆነልኝ፤ እጁን እንደ ማይክ ይዞም በሬዲዮ ድምፅ ማስተላለፍ ጀመረ፦ «ውድ አድማጮቻችን፣ 19ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንገኛለን! ፋዘር ብቻቸውን አፈትልከዋል! ከኋላቸው ማንም አይታይም! ዙሩን አክርረውታል!» መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ብድግ ብላ አጨበጨበች። ልጆች አብረውኝ ሮጡ። ሲደክማቸውም አለፉኝ።

በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ገባሁ። ዮሚፍ ቀጄልቻ በ2024 እ.ኤ.አ. ቫሌንሲያ ላይ ይህንኑ ርቀት በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው የጨረሰው፤ ሦስት ጊዜ ሮጦት እኔን ለመቀበል አምስት ደቂቃ ይተርፈዋል። አስተባባሪዎቹ ጠረጴዛውን እያጠፉ ነበር። ሜዳሊያ ከካርቶን ፈትተው ሰጡኝ። አበበ ቶኪዮ ላይ እንደገባ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ስፖርት ሠርቷል፤ እኔም ሣሩ ላይ ተጋደምኩ፣ እስከ ተጋደምኩበት ድረስ እኩል ነን። ከተጋደምኩበት ሆኜ የመዘገበውን ልጅ «ስንተኛ ነኝ?» አልኩት። ወረቀቱን አየና «ከኋላዎ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ገና እየመጡ ነው» አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቁጥር ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሰፈር ስገባ ባለሱቁ ከመስኮቱ ብቅ አለ።

«ስንተኛ ወጣህ?»

ያን ጊዜ መልስ ነበረኝ። «ሦስተኛ» አልኩት። «ከኋላ» የምትለውን ቃል ልጨምር አየር ስስብ — ትንፋሼ ገና አልተመለሰም ነበር — ሰውዬው ከሱቁ በጓሮ በር ዘሎ ወጣ። «ነሐስ!» አለ። «ነሐስ አመጣ!» እማማ ከግቢያቸው እልልታቸውን አቀለጡት። ሚስቴ ያን ማታ ራቱን ስታቀርብ ዶሮ ነበር፣ ፈረሰኛውም ለእኔ።

ከዚያ ወዲያ ለማረም ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ነገር ግን ባለሱቁ ለነሐስ ባለሜዳሊያ ይገባል ብሎ፣ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር፣ በስሜ አዲስ የዱቤ ደብተር ከፍቶልኛል። እስካሁን ሁለት ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሊትር ዘይትና ሦስት ሳሙና ወስጃለሁ። እናም ይህን የምታነቡ የሰፈሬ ሰዎች ካላችሁ፣ አደራችሁን፣ ቢያንስ ደመወዝ እስኪወጣ ድረስ ለባለሱቁ እንዳትነግሩት።