የጎደለኝ አንድ ዓይን ነው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤
ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ልጅሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደኅና ነኝ። ከናፍቆትሽና ከአንድ ዓይን በቀር የጎደለኝ ነገር የለም።

እማዬ፣ አትጩኺ! ማሚቱ፣ ውኃ ስጫትና ማንበብሽን ቀጥዪ። ዓይኑ የእኔ አይደለም። የእኔ ሁለቱም በየቦታቸው አሉ። የጎደለው የመቻል ነው። መቻል ማነው ያልሽ እንደሆነ፣ ውሻ ነው። የማን ውሻ ነው እንዳትዪኝ ፈርቼ ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ስናወራ የሚጮኸውን "የጎረቤት ነው" እያልኩሽ ኖሬአለሁ። የእኔ ነው። ስልክ ላይ አንቺ ስለምትቀድሚኝ፣ እስክጨርስ እንድትሰሚኝ ብዬ ነው እንደ ድሮው በሰው እጅ ደብዳቤ መላኬ።

መጀመሪያ እዚህ ስመጣ አንዲት ባልቴት እጠብቅ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሴትዮዋ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሲወስዷት፣ ቦታው ውሻ አያስገባም ተባለና "ለአንድ ሳምንት ያዝልኝ" አለችኝ። ያ ሳምንት ገና አላለቀም። ስሙ ቴዲ ነበር። በአጎቴ የቁልምጫ ስም ውሻ መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ መቻል አልኩት። እኛ ቤት ውሻ ስም የሚወጣለት ለጎረቤት መልእክት እንዲያደርስ አይደል? ያንቺ "ማን ያውቃል" ለአጥር ማዶዋ ሴትዮ የተላከ ነበር፤ እሷም ውሻዋን "ሁሉም ያውቃል" ብላ መለሰችልሽ። የእኔን መልእክት ግን እዚህ የሚሰማ ጎረቤት ስለሌለ፣ በየማለዳው "መቻል! መቻል!" እያልኩ ለራሴ እናገረዋለሁ።

ከውሻ ጋር ያለኝን ታሪክ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የመንገድ ውሻ ነክሶኝ፣ እጄን ይዘሽ ፓስተር ስንመላለስ 14 ቀን በሆዴ ዙሪያ የተወጋሁትን መርፌ ሳስብ እስከ ዛሬ እምብርቴ ይሸማቀቃል። ያ የድሮ ክትባት ከበግ አንጎል ይሠራ እንደነበር የሰማሁት እዚህ መጥቼ ነው። ያኔ ባውቅ ኖሮ ለፋሲካ በግ ሲታረድ ቢያንስ አመሰግነው ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። መስከረም ላይ የመቻል ግራ ዓይን ቀላ። የአንቺ ልጅ አይደለሁ? "ዓይነ ማዝ ነው" ብዬ በቀዘቀዘ ሻይ በጥጥ ጠረግሁለት። ዳማከሴ ፍለጋም የሐበሻ ሱቁን ሁሉ ዞሬ፣ ደርቆ በላስቲክ የታሸገ አገኘሁ፤ እሱን ለእኔ ጉንፋን አደረግሁት። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ደፈረሰ፣ ከልኩም በላይ አበጠ። መቻል ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደግፎ ዝም ብሎ ይቆም ጀመር። ራስሽን ሲያምሽ በሻሽ ጥፍር አድርገሽ አስረሽ እንደምትቀመጪው ሆነብኝና ይዤው ሮጥኩ።

ክሊኒኩ በር ላይ ስሙን ጠየቁኝ። "መቻል" አልኩ። የቤተሰብ ስም? እዚህ ውሻ በጌታው የቤተሰብ ስም ነው የሚመዘገበው። የእኔ ደግሞ ወረቀቴ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የሰፈረው የአያቴ ስም ነው። በሀገራችን አቆጣጠር መቻል የአያቴ ልጅ፣ የአባቴ ወንድም፣ የእኔ አጎት ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው። ስሙን የቀየርኩት ከአጎቴ እንዳይጋጭ ነበር፤ ይኸው ራሱን አጎቴን ሆኖ ቁጭ አለ።

ሐኪሟ ብዕር በመሰለች መሣሪያ ዓይኑን ነካ ነካ አድርጋ ቁጥር ጠራች፤ 58። ጤነኛ የውሻ ዓይን ግፊቱ ከ10 እስከ 25 ገደማ ነው አለችኝ። በሽታው ግላኮማ ይባላል፤ የእኛ ሰው "የዓይን ግፊት" የሚለው ነው። እንደ መቻል ያሉ ኮከር ስፓንያል የሚባሉ ውሾች በዘራቸው ያጠቃቸዋል። ምን እንደሆነ በአንቺ ቋንቋ ልንገርሽ። ዓይን እንደ እንስራ ነው። ውስጡ ውኃ ይመነጫል፣ ጠርዙ ላይ ባለች ደቃቅ ወንፊት ደግሞ ይፈሳል። ወንፊቷ ስትደፈን ውኃው መመንጨቱን አይተውም። እርጥበት የቀረበት ጀበና እሳት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል፣ አንቺም ትሰሚዋለሽ። ዓይን ግን ድምፅ የለውም። ተወጥሮ ተወጥሮ ከኋላው ያለውን ነርቭ ይጨፈልቃል። ለዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ሰዓታትና ቀናት ይበቁታል። "ሁለት ቀን ቀደም ብትል…" አለችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። የሻይ ጥጤ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወረቀት መጣ። ማሚቱ፣ ቁጥሮቹን ወደ ብር አታባዢላት። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የእኔ ወጪ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ኮንዶሚኒየም ይሆናል።

አንደኛ፣ በሌዘር ምንጩን ማዳከምና ውኃው የሚወጣበት ትንሽ ቱቦ መትከል፤ 5,200 ዶላር። ይህ ግን ገና ለሚያይ ዓይን ነው። ሁለተኛ፣ ጠብታ ብቻ፤ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ለጠፋ ዓይን ሕመሙን ማራዘም ነው። ሦስተኛ፣ ዓይኑን አውጥቶ ቆዳውን መስፋት፤ 1,900። አራተኛ፣ የዓይኑን ውስጥ አውጥቶ የሲሊኮን ኳስ መክተት፤ 2,600። አምስተኛውን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ፤ ማሳረፍ። እሱም ዋጋ ተጽፎበታል። እዚህ ሀገር መሞትም በነጻ አይደለም።

የሽሮ ሜዳ ገበያ ደም በውስጤ አለና "መጨረሻው ስንት ነው?" አልኳት የሒሳብ ሠራተኛዋን። "መጨረሻው እዚህ ነው" ብላ ከታች ያለውን ድምር አሳየችኝ። ሄድ መለስ አልኩ፣ እስከ በሩ ደርሼም ዞር አልኩ። አልጠራችኝም። ይልቁን ሌላ ቅጽ ሰጠችኝ፤ "ልቡ ቢቆም ደረቱን ተጭነን እንድንመልሰው ይፈልጋሉ? አዎ ወይስ አይ?" አጠገቡ ዋጋ አለ። እማዬ፣ እኛ ሰፈር ለሰውም እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦ አላየሁም። መቻል በቀረችው ዓይኑ ቀና ብሎ አየኝ። "አዎ" አልኩ።

አሁን ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። "እኛ እንስሳ አናሳክምም እንዴ?" ትያለሽ። እውነትሽን ነው። ቢሾፍቱ ላይ ከ1970ዎቹ መባቻ ጀምሮ የእንስሳት ሐኪም የሚሠለጥንበት ኮሌጅ አለ። እዚያው አህያ በነጻ የሚያክሙ በጎ አድራጊዎችም ኖረዋል። አህያ ግን እንጨትም ሸክላም ትሸከማለች፤ መታከሟ ለሥራዋ ነው። ውሻ ከጃንሆይዋ ሉሉ በቀር ማን ወግ አየለት? ከንቱ የቀረን ሞት "ደመ ከልብ" የምንል ሰዎች ነን። ስለዚህ የመረጥኩትን ስነግርሽ እንድትስቂ ፈቅጄልሻለሁ።

ልቤ አራተኛውን፣ ኳሱን ወደደ። ሰው ሲያየው ሁለት ዓይን እንዲኖረው። "ለውሻው ምን ይጠቅመዋል?" ብዬ ስጠይቅ ሐኪሟ "ለውሻው ምንም፤ ለአንተ ነው" አለችኝ። ከ2,600 ላይ 1,900 ቀንሺ። ይሉኝታ 700 ዶላር እንደሚያወጣ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። መቻል መስታወት አያይም። ውሻ ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው ነው የሚኖረው። ሦስተኛው ይሁን አልኩ።

ገንዘቡስ? ከሰባት ሐበሾች ጋር ዕቁብ አለኝ። ዳኛውን ለምኜ ዕጣው እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። "ማነው የታመመብህ?" አለኝ። "ቤተሰብ ነው፤ ዓይኑን" አልኩት። አንዲት ቃል አልዋሸሁም።

ዕጣው ተሰጠኝ፤ የመቻልም ዓይን ወጣ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በር ተንኳኳ። የዕቁቡ ሰዎች ሚስቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ዶሮ ወጥ በድስት፣ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ጠበል። "እግዜር ይማርልህ! የት ነው የተኛው?" ይህን ሲሉ መቻል ከጓዳ ወጣ። ስፌቱን እንዳይቧጥጠው አንገቱ ላይ ያጠለቁለትን የላስቲክ ነገር ብታዪው፣ ምጣድሽን የምትከድኚበት አክንባሎ ተገልብጦ ነው የሚመስለው። መሐሉ ላይ አንድ ዓይን። ዶሮው ሸቶት ጅራቱን እየቆላ እንግዶቹን ሊቀበል ሄደ፤ አክንባሎው በሩ ላይ ገጭ፣ ጠረጴዛው ላይ ገጭ። ጠበል ይዛ የመጣችው ሴት ጠርሙሱን ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ዳኛው እኔን አየኝ፣ ውሻውን አየ፣ ዕቁቡን አሰበ።

ያዳኑኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። "ምን ያስደነግጣችኋል?" አሉ። "ጦብያ የአባቱን የጦቢትን ዓይን መድኃኒት ይዞ ሲመለስ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር አብሮት የነበረው ማን ነው? ውሻ አይደለም?" ሁሉም ዝም አለ፤ መጽሐፍ ነው። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና "ለመሆኑ ስንት አወጣህ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ጦቢትን እኮ የዓሣ ሐሞት ነው ያዳነው። ሐሞቱ ይሻልህ ነበር" ብለው ዶሮውን ከፈቱት። መቻል አጥንቱን አልቀመሰም፤ እሱም ሐኪም ከልክሎታል።

ሲወጡ ደረጃው ላይ አንዷ ለሌላዋ "የቀጨኔ ልጅ ነው አሉ" ስትል ሰማኋት። ሌላዋም "እ… ለዚህ ነዋ ዓይን" አለች። ውቅያኖስ አቋርጬ እንኳ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ተብሎ የተለጠፈብኝ ቡዳነቴ ሻንጣዬ ውስጥ ሳይፈተሽ አልፏል። አልተቆጣሁም፤ አንቺን ነው የጠቀስኩት። "ዓይናችን ሰው የሚበላ ቢሆን እንዲህ እንከሳ ነበር?" ትይ የለ? ጀበናችንን ገዝተው ቡናቸውን እያፈሉ፣ ዓይናችንን ሲፈሩ የኖሩ ሰዎች! ይህን እያሰብኩ ስቄ ተኛሁ።

ሳቄን ያቋረጠው ፋርማሲ ነው። የቀረው ዓይን ያለ ጠብታ በአማካይ በስምንት ወር ውስጥ ይከተላል፤ ጠብታ በጊዜ ከተጀመረለት ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ሊቆይ ይችላል ብላኝ ነበር ሐኪሟ። ያዘዘችልኝ ላታኖፕሮስት የሚባለው የሰው መድኃኒት ነው። ከሰው ፋርማሲ ወረፋ ቆሜ ስደርስ፣ መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ያለችው ሐበሻ ልጅ ጠርሙሷን አየችና በአማርኛ "ለእናትህ ነው?" አለችኝ።

እማዬ፣ "ለውሻዬ ነው" የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። "አዎ" አልኩ። ውሸት መናገሬ ነው ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ግን ውሸት መሆኑን ተጠራጠርኩ። ባለፈው በስልክ "በግራዬ የምደረድረው ጀበና ምን እንደነካው አላውቅም፣ ራሱ እየወደቀ ይሰበራል፤ ድመቷ ናት" አላልሽኝም? ማታ አምፖሉ ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታየኛል፣ ጭሱ ነው አላልሽም? ልጅቷን ተመልሼ ጠየቅኋት። በሰው ላይ ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ እንደ መቻል አያሳምምም አለችኝ፤ ከዳር ከዳር እየሰረቀ ነው የሚመጣው። ሰውየው ፊት ለፊቱን ስለሚያይ ደኅና ነኝ ይላል፣ ጎኑ ያለው ነገር ግን "ራሱ ይወድቃል"። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ጠብታ ይጠብቀዋል። በቤተሰብም ይወረሳል አለችኝ፤ እኔም በማግሥቱ ሄጄ ተለካሁ።

ጀበና ስታቃጥዪ ጭስ ውስጥ አርባ ዓመት ኖርሽ። አገር ሁሉ የቀጨኔን ዓይን ሲፈራ፣ ያንቺን ዓይን አንድ ቀን እንኳ ለክቶት የሚያውቅ የለም። እኔም ልጅሽ ለውሻ ነው አስቀድሜ ያስለካሁት። ድመቷን ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ስለዚህ ከዕቁቡ የተረፈውን ልኬአለሁ፤ ለጣሪያ ቆርቆሮ አይደለም፣ ለድግስም አይደለም። ማሚቱ፣ ሰኞ ጠዋት ይዘሻት ምኒልክ ሆስፒታል፣ ዓይን ክፍል። የዩኒቨርሲቲው የዓይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነው። በታክሲ ሂዱ፤ "በስድስት ኪሎ በእግር ቅርብ ነው" ብትልሽ አትስሚያት። "የዓይን ግፊቷን ለኩልኝ" በይ። አያምም፣ መርፌም የለውም፤ ሆድ ዙሪያም አይነካም።

ጠበሉንም አትተዪ እማዬ፤ እዚያው ጉለሌ ሩፋኤል አጠገብሽ ነው፣ ጎን ለጎን ይሁን። መቻል ደኅና ነው፤ ግንባሩን ግድግዳ ላይ መደገፉን ትቷል፣ በአንድ ዓይኑ ከእኔ ይልቅ ብዙ ያያል።

የመቻል 58 ነበር። የእኔ 16 ነው። ያንቺን ቁጥር ማሚቱ በስልክ ትንገረኝ፤ ያን ጊዜ ካልጮኽሽብኝ እኔ አልቀድምሽም።

ልጅሽ