መቀነቴ የቦርሳ ጌጥ ሆነ

እንደው ምን ዘመን ላይ ጣለኝ! ትናንት ጧት የልጄ ልጅ የሙሽርነት ቀሚሴን ለብሳ ቢሮ ሄደች። ሳጥኔን ከፍታ፣ አርቲውን አራግፋ፣ «እማማ፣ ቪንቴጅ እኮ ነው!» አለችኝ። ቪንቴጅ ደግሞ ምንድን ነው ብላት «አሮጌ፣ ግን ውድ» አለች። እኛ የምናውቀው አሮጌ ልብስ ሰልባጅ ነው፤ እሱም መሬት ላይ ተቆልሎ በርካሽ ይሸጣል።

ቀሚሱስ ይሁን። ጉዱ ያለው በላዩ በደረደረችው ነው። ነጠላ የለም፤ ከደንቆሮ ጫካ በኩል ብርዱ እየተላከ፣ ትከሻዋ ላይ ጂንስ ጃኬት ጣል አድርጋለች። ከሥር ነጭ ስኒከር፣ በመካነ ሰላም ጭቃ፣ በክረምት! ወገቧን በቆዳ ቀበቶ ጠፍራለች። መቀነቴስ? የቦርሳዋ ማንጠልጠያ ላይ ተጠምጥሟል። ጌጥ ነው አለች። አይ ልጄ! መቀነት እኮ ራሱ ቦርሳ ነበር። የገበያ ሳንቲሜ ጫፉ ላይ ይቋጠራል፣ የሳጥኔ ቁልፍ ይቋጠራል፣ ስወልድም ወገቤን ያሰርኩት በእሱ ነው። መቀነት ፈትቶ የሮጠ ሌባ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። የእሷ ቦርሳ ግን ባለፈው ገበያ መሃል በምላጭ ተቀደደ።

እጇ ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ እርምጃ ይቆጥራል። «8,000 ሞላሁ!» እያለች ስትፈነድቅ አመሸች። እኛ ያለነው ከ2,500 ሜትር በላይ ደጋ ላይ ነው፤ ጥጥ አይበቅልም። የዚህን ቀሚስ ጥጥ አባቴ በ1963 ዓ.ም. ከዓባይ ቆላ በአህያ ጭኖ ነው ያንን ዳገት የወጣው። ያቺ ሰዓት ያኔ ብትኖር ቆጥራ ቆጥራ በጨሰች ነበር! ከዚያ እናቴና እኔ ፍሬውን በመዳመጫ ስናወጣ፣ በደጋን ስንነድፍ፣ በእንዝርት ስንፈትል ክረምቱ አለቀ። ክሩ ሻካራ ከሆነ ሸማኔው ይመልሰዋል። የእኔ ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በ77ቱ ድርቅ ጎረቤቱ ልብሱን በእህል ሲለውጥ፣ ስንቱ በሠፈራ ወደ መተከልና ወለጋ ሲጫን፣ ይህ ቀሚስ በአንድ ቁና ገብስ ሊሄድ ነበር። ገዢው ደጅ አወጣና ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አየው፤ «አሮጌ ነው» ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። ያ ሰውዬ ዛሬ በመጣልኝ!

ቢሮ ስትገባ ሁሉም ከበቧት አሉ። አንዷ ባልደረባዋ፣ ያቺ ጥለቱ በማሽን የታተመ የቻይና ቀሚስ የምትለብሰው፣ «ከየት አመጣሽው?» ብላ ጠየቀቻት። የእኔ ጉድ ምን ብላ ብትመልስ ጥሩ ነው? «ቪንቴጅ ነው»! አያቴ ፈትላው ነው ማለት ምላስ ያቃጥላል? ማታ ደግሞ በዱቄት ሳሙና ልትዘፈዝፈው ስትል እጇን ያዝኩ። እንዶድ የት ይገኛል ትለኛለች፤ አጥሩ ሥር በቅሎ፣ በየቀኑ እያለፈችው!

ይኸው አሁን ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟች ባሌን ዝናር ትክ ብላ እያየች ነው። «እማማ፣ ይሄ እኮ ከጥቁር ሱሪ ጋር...» ብላ ጀምራ ዝም አለች። በየጥይት መሰኪያው ሊፒስቲክ ልትደረድርበት ነው።