ሽማግሌው ይቅርብን

ሆሊዉድን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ላመሰግነው ነው። ለእስያውያን ክብር እንደ ልዕለ ጀግና ፊልም ሠሪ የሚጨነቅ ከቶ ከየት ይገኛል!

በ2016 የወጣውን "ዶክተር ስትሬንጅ" ያያችሁ ታስታውሳላችሁ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። እጁ የተጎዳ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፈውስ ፍለጋ ካትማንዱ ድረስ ይሄድና አስማት ተምሮ ይመለሳል። አስተማሪው ፊልሙ በተቀዳበት የ1963ቱ የሥዕል መጽሔት ላይ የቲቤት ሽማግሌ ነበር።

ፊልም ሠሪዎቹ እዚህ ላይ እንቅልፍ አጡ። ፂሙን እየዳበሰ ምሥጢር የሚናገር፣ ነጩን ደቀ መዝሙር አሠልጥኖ በጊዜው የሚሞት እስያዊ ሽማግሌ ስንቴ ታየ? እውነታቸውን ነው፤ ታክቶናል። ሴት ትሁን ቢባል ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ፤ ፈገግ ብላ መርዝ የምታጠጣዋ "ዘንዶ እመቤት" ከተፍ ትላለች። ዳይሬክተሩ ስኮት ዴሪክሰን ሁለቱንም ስጋት በአደባባይ ተናግሯል። ሦስተኛ መንገድ ነበር፤ ሽማግሌውን ሰው ማድረግ። የሚቆጣ፣ የሚዋሽ፣ ወገቡን የሚያመው፣ በተማሪው የሚቀና ሰው። ይህ ግን ቁጭ ብሎ መጻፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ብሪታኒያዊቷ ቲልዳ ስዊንተን ተጠራች፤ መላጣ ሆና፣ የኬልት ዘር ነች ተብላ ካትማንዱ ላይ ተሾመች።

ትኋን መረረኝ ብሎ ቤቱን ያቃጠለ ሰው ቂል ነው። ሆሊዉድ ቂል አይደለም። ቤቱን አተረፈ፣ አልጋውን አተረፈ፣ ዕጣኑንና ቀሚሱን ሁሉ አተረፈ፤ ያስወጣው ባለቤቱን ብቻ ነው።

ከደራሲዎቹ አንዱ የሆነው ሮበርት ካርጊል ደግሞ ሌላ ጭንቀት ገለጠልን፤ ቲቤትን ማንሳት የቻይናን ተመልካች ሊያስቀይም ይችላል አለ። ምን ዓይነት ይሉኝታ ነው! እስያዊ ትኬት ሲቆርጥ ሆዱ እንዳይብሰው ይጠበቅለታል፤ ችግሩ ትወና ሲያምረው ነው። በ2013 "አይረን ማን 3" ሲወጣ፣ ለቻይና በተላከው ቅጂ ላይ ዝነኛዋ ፋን ቢንግቢንግ ነበረች፤ የወተት ማስታወቂያም ተጨምሮበታል። ለተቀረው ዓለም በተላከው ግን እሷ የለችም። ወተቱም የለም።

በሴቶቹ ላይ የምናየው ቁጠባማ ለገንዘብ ሚኒስትሮች ትምህርት ይሆናል። በ2003ቱ "ኤክስ-ሜን 2" ውስጥ ከተዋናይቷ ኬሊ ሁ አፍ ይልቅ ጥፍሯ ይናገራል። በ2018ቱ "ዴድፑል 2" ዩኪዮ የምትባለዋ ገጸ ባሕርይ ፀጉሯን ቀለም ተቀብታለች፤ ሥራዋ በአብዛኛው ለጀግናው ሰላምታ መስጠትና ደህና ሁን ማለት ነው። ባሕርይ ለመጻፍ ለሰነፈ ሰው የፀጉር ቀለም ርካሽ ነው።

(እኛንስ ማን ይማረን? በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ከብሩስ ሊ ጋር ያደግን፣ ዛሬም ኮሪያዊውንም ጃፓናዊውንም መንገድ ላይ "ቻይና!" ብለን የምንጣራ። ቢያንስ ትኬት አንሸጥበትም።)

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በ2021 "ሻንግ ቺ" ወጥቶ ገደል ገባ። የጀግናው አባት በ1973ቱ የሥዕል መጽሔት ፉ ማንቹ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሳክስ ሮመር በ1913 ልቦለዱ ለምዕራባውያን ያዘጋጀላቸው ጭራቅ። ፊልሙ ስሙን ጥሎ አባትየውን አስቀረ። ቶኒ ሊዩንግ የተጫወተው ዌንዉ ገዳይ ነው፤ ግን የሚስቱ ሞት ያሳበደው ባልም ነው። ከልጆቹ ጋር ማዕድ ቀርቦ "ማንዳሪን" ተብሎ በወጣለት ስም ይሳለቃል፤ አሜሪካ ለካ ብርቱካን ኖሯል የፈራችው። እስያዊ ሰው በፊልም ላይ ሲያዝን፣ ሲቀልድና ሲያጠፋ ታየ፤ ሰማይ አልተደፋም።

በዚያው ዓመት "ዶክተር ስትሬንጅ"ን የሠራው የማርቭል ስቱዲዮ አለቃ ኬቨን ፋይጊ፣ በስዊንተን ጉዳይ ሌላ መንገድ እንደነበር አመነ። አምስት ዓመት ብቻ ነው የፈጀበት።

ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ፣ በጥንቱ መጽሔት የስትሬንጅ አገልጋይ የነበረው ዎንግ፣ በ"ስፓይደርማን፦ ኖ ዌይ ሆም" ውስጥ የአስማተኞች ሁሉ የበላይ ሆኖ ብቅ አለ። ስትሬንጅ ግን ዎንግ ሹመቱን ያገኘው እሱ ራሱ አምስት ዓመት ስላልነበረ ብቻ መሆኑን ሳይናገር አላለፈም።